ሁልጊዜ እሺ የሚሉትን አናድክማቸው

ስቶክሆልም ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ወይም ሕመምተኛ ሲያስታምም የሚውል፣ ቤቱ ግን የወታደር ልብሱን አጣጥፎ ያስቀመጠ ሰው ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 የተቋቋመው ሄምቬርኔት፣ ማለትም የፈቃደኞች የአገር ጠባቂ ጦር፣ 40 ሻለቃ አለው። አባላቱ በውላቸው መሠረት በዓመት ከ4 እስከ 13 ቀን ያገለግላሉ።

ይህ ለማንም የሚከብድ አይመስልም። የሚከብደው ከውሉ በላይ የሚመጣው ነው። በ2018 ደኑ ሲቃጠል ተጠሩ፤ በ2020 ኮሮና ሲገባም ተጠሩ። ሰው ጫካ ውስጥ ሲጠፋ ፍለጋ የሚወጡትም እነሱ ናቸው። እንዲህ ያለው ጥሪ በፈቃድ ስለሆነ፣ ስልኩ የሚደወለው ባለፈውም እሺ ላለው ሰው ነው። ቅዳሜና እሁድ ድንኳን ውስጥ አድሮ ሰኞ በጠዋት ሥራ ይገባል። ፈረቃውን የሸፈነለት ባልደረባ ፊቱን ያጠቁርበታል፤ ሚስቱ ልጆቹን ብቻዋን ስታመላልስ ሰንብታለች። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አገሩን ቢወድም ስልኩን አያነሳም።

ስዊድን ይህን አይታዋለች። ከ1901 ጀምሮ የነበረውን የግዳጅ ውትድርና በ2010 አቁማ፣ ሌላ ሥራ ያላቸውን የትርፍ ጊዜ ወታደሮች ቀጠረች። በ2012 የወጣው ሕግ አሠሪዎች ፈቃድ እንዲሰጧቸው ቢያስገድድም ቦታዎቹ አልሞሉም፤ በ2017 መንግሥት ግዳጁን ለመመለስ ወሰነ። ሕግ ወንበር ይጠብቃል፣ የቤትን ኩርፊያ ግን አያበርድም።

ጥሪ ይቅር አልልም። ያልተለማመደ ሰው ሬዲዮውንም ካርታውንም ይረሳል። በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ማመልከቻው ጎረፈ፤ ነገር ግን አዲስ ገቢውን የሚያሠለጥነው ነባሩ የአሥር አለቃ ነው። የትኛው መንገድ ክረምት ላይ እንደሚዘጋ፣ ከጓዶቹ ማን በሌሊት እንደሚደነግጥ ያውቃል። እሱ ሰልችቶት ሲወጣ በአሥር አዲስ ማመልከቻ አይተካም።

ከኛ ከኢትዮጵያውያን ወገን ብዙዎች የደርግን አፈሳ ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አገልግሎቱ ከስድስት ወር ሥልጠና ጋር ሁለት ዓመት ተኩል ነበር። ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችንም 18 ወር የተባለው አገልግሎት ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ማብቂያ እንዳጣ ይነግሩናል። ስለዚህ እዚህ ተወልዶ 18 ዓመት ለሞላው ልጃቸው ከውትድርና መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲመጣ የእናቶች ልብ ቢደነግጥ አልፈርድባቸውም። እዚህ ያለው ያ አይደለም፤ ማብቂያው የታወቀ ነው። ይህ መታወቁ ለፈቃደኞቹም ሊደርስ ይገባል።

ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ላትቪያ የሚሄደው ወደ 600 የሚጠጋ የስዊድን ጦር በየስድስት ወሩ ይቀያየራል። ለአውቶቡስ ሾፌሩም ተራ ይውጣለት። የልምምዱ ቀናት ለቤተሰቡም ለአለቃውም ገና በዓመቱ መጀመሪያ ይነገሩ፤ ድንገተኛ ጥሪ ሲመጣም መጀመሪያ ዘንድሮ ላልተጠራው ይደወል።