የባቡር ሐዲድ የሚያቋርጠውን መንገድ ስለ ማቅናት

ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፥ ሐዲድ የሚሻገረው የገበሬ እህልና ከብት ብዙ ነው። በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ከቀድሞው ይልቅ ፈጣን ስለ ሆነ፥ ብዙ ግመልና ከብት ገጭቷል።

አደጋ በደረሰ ጊዜ ጥፋቱ በእረኛውና በነጂው ይላከካል። ነገር ግን የመንገዱም አቀያየስ ሊመረመር ይገባል። መንገድ ሐዲዱን በሰያፍ ሲያቋርጥ፥ ነጂው ባቡሩን ለማየት ወደ ኋላው መዞር ግድ ይሆንበታል። መገናኛ መንገድም ከሐዲዱ አጠገብ ሲሆን፥ ለመታጠፍ ተራ የሚጠብቀው ካሚዮን ኋላው በሐዲዱ ላይ ይቀራል። ባቡር ግን ገለል ሊል አይችልም፤ ጭነት የያዘውም ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ድልድይ በሌለበት ስፍራ ሹማምንት ሦስት ነገር ያስቡ። 1ኛ፥ መንገዱ ሐዲዱን ቀጥ ብሎ ያቋርጥ፤ 2ኛ፥ መገናኛው በገበያ ቀን ተራ የሚጠብቀውን ጋሪና ካሚዮን ሁሉ እስኪይዝ ድረስ ከሐዲዱ ይራቅ፤ 3ኛ፥ ዓይን የሚጋርድ ባሕር ዛፍና አጥር ይነሣ።

ይህ ከእርሻዬ ይወስድብኛል የሚል ባለ መሬት ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ካሣውም ችካል ሳይተከል አስቀድሞ ይከፈለው። ነገር ግን የአንድ ጥማድ በሬ ሞት ለአንድ ቤተ ሰብ የዓመት እርሻ መቅረት ነው፤ የሰው ነፍስ ግን ካሣ የላትም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ አዝመራው እንደ ተሰበሰበ ቀያሽ ይላክ።