በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ፦ አቃቂ ላይ ቤት ከመግዛታችን በፊት

የአዲስ አበባ ቤት ፈላጊ ዓይኑን ወደ ደቡብ ዳርቻ ከጣለ ቆይቷል። መሃል ከተማው ለደመወዝተኛውም ለትንሹ ነጋዴም የሚቀመስ አልሆነም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከካዛንቺስ የተነሱ ነዋሪዎች በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ገላን ጉራ መስፈራቸውም ከተማዋ ወደየት እየሰፋች እንደሆነ አሳይቷል። ከመስጂድ ደጃፍ እስከ ዕቁብ ቤት "አቃቂ አንድ ቤት አይቻለሁ፣ ምን ትላላችሁ?" የሚል ጥያቄ እንሰማለን። መልሳችን ብዙ ጊዜ "አላህ ያግራልህ" ነው። ዱዓው መልካም ነው፤ ጥያቄው ግን ከዱዓ ጋር ማጣራትንም ይፈልጋል።

ጉዳዩ በተለይ የእኛን ማኅበረሰብ የሚመለከትበት ምክንያት አለ። ሰው በባንክ ብድር ቤት ሲገዛ ባንኩ ለራሱ ገንዘብ ሲል መሐንዲስ ይልካል፣ ካርታ ያጣራል፣ ዕዳና እገዳ ይጠይቃል። ከወለድ የሚሸሽ ሙስሊም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በእጁ ባለው ገንዘብ ነው፦ ጅዳ ያለች እህት በላከችው፣ በዕቁብ በወጣው፣ ሱቅ ተሽጦ በተገኘው። ይህ ገንዘብ ከሪባ የጸዳ ነው፤ ነገር ግን በገዢውና በጉዳቱ መካከል የሚቆም አጣሪ የለውም። ከወለድ ነፃ ባንኮች በሙራበሓ ሲሸጡ ንብረቱን መጀመሪያ ራሳቸው ስለሚገዙ ለማጣራት ይገደዳሉ። ብቻውን የሚገዛ ሰው የባንኩን ሥራ ራሱ መሥራት አለበት።

መሬቱና ውሃው

የአቃቂ አካባቢ ሰፊ ክፍል ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በቂ ጥልቀት ከሌለው ወይም አፈሩ ተቆርጦ በተመረጠ አፈር ካልተተካ ቤቱ በየዓመቱ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ፣ አልገጥም ያለ በር፣ ከግድግዳው የተላቀቀ ወለል የዚህ ምልክቶች ናቸው።

በመምህርነት ዘመናችን አብሮን ያስተምር የነበረ አንድ ወንድም በጥር ወር ቤት ገዛ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ቀለሙ ከመስኮቱ ጥግ ተተረተረ፣ ከጓዳው ወለል ሥር እርጥበት ወጣ። ጎረቤቶቹ ነገሩን ያውቁት ኖሯል። ከመግዛቱ በፊት ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማዋን ጎርፍ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርዱት በዚህ በኩል ነው። እንጦጦ ላይ የዘነበው አቃቂ ይደርሳል። ስለዚህ ቤቱን በክረምት፣ ቢቻል ከከባድ ዝናብ ማግስት እንየው። በበጋ ከሆነም በአጥሩና በግድግዳው ላይ የቀረ የውሃ መስመር እንፈልግ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ክረምት ሞልቶ ይመለስ እንደሆነ ጎረቤት እንጠይቅ። ወንዝ ዳር ያለ ቤት የወንዝ ዳርቻ ልማት ክልል ውስጥ መግባት አለመግባቱንም ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ እናጣራ። ለአንድ መሐንዲስ የግማሽ ቀን ዋጋ መክፈል ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ደላላው መሐንዲስን አይተካም፤ እርሱ የሚከፈለው ቤቱ ሲሸጥ ነው።

ወረቀቱ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም። የምንገዛው በላዩ ያለውን ቤት ነው፤ የይዞታ መብቱም የሚከተለው ሕጋዊ ሲሆን ነው። ሻጭ ያሳየን ካርታ ፎቶ ኮፒ በቂ አይደለም። ፋይሉ ካለበት ጽሕፈት ቤት ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን እንጠይቅ። ካርታው ላይ ያለውን ካሬ በሜትር ለክተን ከአጥሩ ጋር እናስተያይ፤ ከካርታው የተረፈው መሬት የሻጩ አይደለም፣ የእኛም አይሆንም።

ፋይሉ የት እንዳለ ማወቅም ራሱ ጥያቄ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ የወሰን ስምምነታቸውን ይፋ አድርገዋል፤ በኋላም ሸገር ከተማ ተቋቁሟል። በወሰኑ አካባቢ የሚገዛ ሰው ቤቱ ዛሬ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ አስቀድሞ ይወቅ።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ የአምስት ዓመት የሽያጭ ገደቡ ማለቁን እናረጋግጥ። ገደቡን ለማለፍ በውክልና ብቻ የሚገዛ ሰው ትልቅ አደጋ ይሸከማል፤ ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት በመርህ ደረጃ ውክልናውም ያበቃልና፣ በሩን የሚያንኳኩት ወራሾች ይሆናሉ። የስም ዝርዝር ላይ መገኘትም ባለቤትነት አይደለም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ በመረጃ ሥርዓቱ ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር መሰረዙን አንርሳ።

ሻጩ ማን ነው?

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። "ሚስቴ ታውቃለች" የሚል ቃል ፊርማን አይተካም።

ከዚህ የሚከብደው የውርስ ቤት ነው። አባት ሞቶ ቤቱን ታላቅ ወንድም ሲሸጠው፣ የእህቶቹ ድርሻ የት እንደገባ መጠየቅ ነውር የሚመስለን ብዙ ነን። አላህ በቁርኣን ለሴት ልጅ የደነገገውን ድርሻ የነጠቀ ሰው የሚሸጥልን የሌላ ሰው ሐቅ ነው። ስለዚህ የወራሽነት ማረጋገጫውን እንይ፣ ወራሾች ሁሉ መስማማታቸውንና መፈረማቸውን እናረጋግጥ። ይህ ከፍርድ ቤት ክስም፣ ከአኺራ ጥያቄም ያድናል።

የተደበቀው ዋጋ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። ይህን አሟልተው ግብር ለመቀነስ ሲሉ ዝቅ ያለ ዋጋ የሚጽፉ አሉ። ይህ ውሸት ነው፤ ጉዳቱም ወደ ገዢው ይመለሳል። ውሉ ቢፈርስ በሰነድ ማስረዳት የሚችለው የተጻፈውን ገንዘብ ብቻ ነው፤ ቀሪው በሻጩ ሕሊና ላይ የተጣለ ነው። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ የዕዳን ውል በትክክል ስለመጻፍ መሆኑ ለዚህ ትውልድም ትምህርት ነው።

የሻጭ አማና

እስካሁን የተናገርነው ለገዢ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ገዢ አንድ ቀን ሻጭ ይሆናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ሲያገኙ፣ ሻጩ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ዝናቡን ማንም አይከለክልም። የአቃቂን አፈርም ሻጩ አልፈጠረውም። የሚጠየቀው ስንጥቁን በቀለም በመሸፈኑ ነው።

ፊቅህ ለዚህ ኺያር አል-ዐይብ የሚባል መብት ደንግጓል፤ ገዢው ሳያውቅ የነበረ ጉድለት ቢያገኝ ንብረቱን መመለስ ይችላል። የአገራችን ሕግም ሻጭን በተደበቀ ጉድለት ይጠይቃል፤ ገዢ ግን ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ሁለቱም መንገዶች ግን ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚመጡ ናቸው፣ ጊዜና ልፋት ይጠይቃሉ።

በየጀመዓችን መሐንዲሶች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት ሥራን የሚያውቁ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ለጋብቻ ሽማግሌ የምንልክ ሰዎች፣ የዕድሜ ልክ ጥሪት ለሚወጣበት ቤትም ሦስት የሚያውቁ ሰዎች አብረውን እንዲሄዱ ብንጠይቅ ነውር የለውም። "አቃቂ ቤት አየሁ" የሚል ወንድም ሲመጣ "አላህ ያግራልህ" እንበለው፤ ቀጥለንም "መቼ አብረን እንየው?" እንበለው።