ከላይ የዘነበው ለታች ይነገር



ባለፈው ሰመር አንድ ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር ፎርት ስኔሊንግ ነበርን። ቦታው ሚሲሲፒና የሚኒሶታ ወንዝ የሚገናኙበት፣ ከሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ አሮጌ ምሽግ ነው። ፀሐይዋ ድምቅ ብላለች። ስልኬ ላይ ግን ቢጫና ቀይ ቀለም ከምዕራብ ወደ እኛ ሲገሰግስ አየሁና "ተነሱ፣ ወደ መኪና!" አልኳቸው። ሳቁብኝ። የመኪናውን በር ከዘጋን ብዙም ሳይቆይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣሪያውን ይደበድበው ጀመር።

ያን ምስል ያነሳው ከምሽጉ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቻንሃሰን በምትባል ከተማ የቆመ ራዳር ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ራዳሮች 160 ያህል ናቸው፤ መረጃቸውም ለማንም ክፍት ነው። ራዳሩ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ከዝናብ ጠብታ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ከፈጀው ጊዜ ርቀቱን፣ ከጉልበቱ ደግሞ የዝናቡን መጠን ይገምታል።

"ይገምታል" ማለቴን ልብ በሉልኝ። የጠብታው ውፍረት እጥፍ ሲሆን የያዘው ውሃ 8 እጥፍ ያድጋል፤ የሚመልሰው ሞገድ ግን 64 እጥፍ። ስለዚህ ጥቂት ትልልቅ ጠብታዎች ብዙ ውሃ መስለው ሊያታልሉት ይችላሉ። አዳዲሶቹ ራዳሮች የጠብታውን ቅርጽ ጭምር ስለሚያዩ ስህተቱ ቀንሷል፤ አልጠፋም። በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ደግሞ ዝቅተኛው ጨረር እንኳ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ ከሥሩ ያለውን አያይም። ግምቱን የሚያርመው መሬት ላይ የቆመ የዝናብ መለኪያ ነው። የፎርት ስኔሊንግ ሐኪሞች ከ1820 ገደማ ጀምሮ የአየሩን ጠባይ በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር፤ ያ ልማድ ዛሬም አልቀረም።

ይህን የማወራው አሜሪካንን ለማወደስ አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. በ2006) ድሬዳዋን በሌሊት ያጥለቀለቀው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ሲገድል እኔ እዚህ ተማሪ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ድሬዳዋ ነበረች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስልኳን ስሞክር ቆየሁ። በመጨረሻ ስትገኝ ያለችኝን አልረሳውም፦ "ወንድም ጋሼ፣ ውሃው እኮ ከላይ ነው የመጣው፤ ማን ይንገረን?" ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ ግን ለማሳሳቅም ጊዜ አልሰጠም።

ዛሬስ? አገራችን ከጣና ማዶ ሻውራ ላይ ራዳር ተክላለች፤ ለአባይ ተፋሰስ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ድሬዳዋ ከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ተራሮቻችንም ጨረሩን ይጋርዱታል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2022 በጀመረው ዕቅድ እስከ 2027 መጨረሻ እያንዳንዱ ሰው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ተጠቃሚ ይሆናል ተብሏል፤ ኢትዮጵያም ቅድሚያ ከተሰጣቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ሥጋቴ ዕቅዱ መሣሪያ በመግዛትና ሪባን በመቁረጥ እንዳያልቅ ነው። ራዳር ደመናውን ያያል እንጂ የተኛውን ሰው በር አያንኳኳም።

ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ኮሊንስ የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 በጎርፍ ተመታች፤ 5 ሰዎች ሞቱ። በዓመቱ ተራ ነዋሪዎች በየጓሯቸው የዝናብ መለኪያ ተክለው ውጤቱን በየማለዳው መላክ ጀመሩ። ዛሬ ይህ ሥራ አሜሪካን በሙሉ አዳርሷል። መለኪያው አንድ የፕላስቲክ ቱቦ ነው።

ከድሬዳዋ በላይ ደንገጎ ላይ አንድ መምህር መለኪያና ስልክ ቢኖረው፣ ታች ደግሞ መልእክቱን ተቀብሎ በሌሊት መንደሩን የሚቀሰቅስ ሰው ቢመደብ፣ ራዳሩ እስኪመጣ ድረስ እንኳ የብዙ ሰው ሕይወት ይተርፋል። ራዳሩም ሲመጣ የሚታረምበት መለኪያ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። እኛ በውጭ ያለን ለአንድ ትምህርት ቤት መለኪያ መላክ አያቅተንም። ከባዱ መልእክቱን ተቀብሎ የሚሮጠውን ሰው ማግኘትና ደመወዙን መክፈል ነው፤ እሱ የመንግሥት ሥራ ነውና ደጋግመን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።