ደክሞኛል ማለት ሰነፍ ነኝ ማለት አይደለም!

የስደት እህቶቼ፣ ዛሬ ለቅሶ ልጽፍ አልመጣሁም፣ ልከራከር ነው የመጣሁት። የማይስማማ ሰው ከታች ይጻፍ፣ ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

ክርክሬ ይኼ ነው። አንዲት ሴት ሳምንት አልፎ ወር ሙሉ «ደክሞኛል» ካለች ያ ሕመም ነው። ሕመም ደግሞ ምርመራ ይገባዋል። አለቀ።

እስቲ «ደክሞኛል» ስንል የምናገኘውን መልስ ቁጠሩት። ማዳም «ከስላና» ትላለች። መክተቡ «መጀመሪያ መጀመሪያ እንደዚህ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ይላል። ጓደኛ «ዓይን በልቶሽ ነው» ትላለች። ሌላዋ «ጂን ይዞሻል፣ ይቀራብሽ» ትላለች። እናት በስልክ «አይዞሽ ልጄ፣ ቻይው» ትላለች፣ ከኋላዋ ደግሞ ወንድም «ብሩስ?» ይላል። አምስት ሰው፣ አምስት መልስ። ከአምስቱ ግን አንዱ እንኳ «ደምሽን ታይተሻል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጂዳ ሰባት ዓመት፣ መካ አራት ዓመት የሰው ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ። ጂዳ እያለሁ ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ቁጭ ማለት ጀመርኩ። ቤቱ ሦስት ፎቅ ነው፣ ልብስ የሚሰጣው ጣሪያ ላይ። ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ከብዙ ልመና በኋላ ማዳም አንድ ሙስተውሰፍ ወሰደችኝ። ዶክተሩ እኔን ጠየቀ፣ እሷ መለሰች። «ምኗን ነው የሚያማት?» «ምንም አላመማትም፣ ሥራ ስለማትወድ ነው።» «ትበላለች?» «እኛ የምንበላውን ሁሉ።» «ትተኛለች?» «ከኔ በላይ!» አምስት ደቂቃ አልሞላም። ፓናዶልና አንድ ጠርሙስ ቪታሚን ይዘን ወጣን። ሐኪሙ ያከመው እኔን ሳይሆን ማዳም ያወራችለትን ሰው ነው።

ከዓመት በኋላ መካ ሌላ ቤት ገባሁ። የቤቱ ትልቅ እናት፣ አላህ ይስጣቸው፣ ለራሳቸው ቀጠሮ ሲሄዱ እኔንም ለሐኪማቸው አሳዩኝ። ሱዳናዊት ዶክተር ነበረች። እሳቸውን በትሕትና ውጭ እንዲቆዩ ጠየቀቻቸውና ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፦ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? የወር አበባሽ ስንት ቀን ይቆያል? ምን ትበያለሽ? ከዚያ ደሜ ተቀዳ። ሄሞግሎቢኔ 7.4 ሆኖ ተገኘ። «በዚህ ደም ነው እንዴ ምንጣፍ ተሸክመሽ ጣሪያ የምትወጪው?» አለችኝ። ያኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሰነፍ አለመሆኔን ወረቀት መሰከረልኛ!

አሁን ወደ ክርክሬ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ያላረገዘች ሴት ሄሞግሎቢን በአንድ ዴሲሊትር ከ12 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ይለዋል፣ ከ8 በታች ከሆነ ደግሞ ከባድ ይለዋል። አገራችን ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ከአራት ሴት አንዷ ገደማ ማለት ነው። እንግዲህ ቦሌ ተሰልፈን ስንሳፈር ስንቶቻችን ይዘነው እንደምንሳፈር አስቡት። እዚህ ስንደርስ ደግሞ ምግባችን የተረፈ ነጭ ሩዝ፣ በላዩ ላይ ሻይ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያደርጋል። የወር አበባ ሲበዛ የምናዋየው ሰው የለም። ደሙ ከዓመት ዓመት እየወረደ ይሄዳል፣ እኛ ደግሞ «ከስላና» እንባላለን።

«ከአገር ስትወጡ ተመርምራችሁ የለ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ተመርምረናል። ራጅ ተነስተናል፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ እርግዝና ታይቶልናል። እዚህም ለኢቃማው ደግመው ቀድተውናል። ግን ያ ምርመራ የሚጠይቀው «ይህች ሴት ለአሰሪዋ ቤት ታሰጋለች ወይ?» ብሎ ነው። «ይህች ሴት እንዴት ናት?» ብሎ የጠየቀን የለም። ውጤቱም አንድ ቃል ነው፤ ፊት ወይ አንፊት። ደማችንን ወስደው ስለ ደማችን ሳይነግሩን ቀሩ። ኤጀንሲዎች ሆይ፣ ያ ወረቀት የኛ ነው! ለልጅቷ ቁጥሯን ንገሯት። ደም ማነስ ካለባት ከመሄዷ በፊት ትታከም። ይኼ ምን ያህል ይከብዳል?

ሁሉም ድካም የደም ማነስ ነው እያልኩ አይደለም። ሁልጊዜ የሚበርዳት፣ ያለ ምክንያት የምትወፍር፣ ሆዷ የሚደርቅባት ሴት የእንቅርት እጢዋ፣ እነሱ ጉዳ የሚሉት፣ መታየት አለበት። ውኃ ውኃ የሚላትና ሽንት የሚያመላልሳት ስኳሯን ትታይ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሳለች፣ ማታ የሚያልባትና የከሳች ሳንባዋን ትታይ። አጥንቷን የሚቆረጥማት፣ ወር ሙሉ ፀሐይ ሳታይ ቤት የተዘጋባት ቫይታሚን ዲዋን ትለካ። መታጠቢያ ቤት ዘግታ ክሎሮክስን ከአሲድ ማጽጃ ጋር ቀላቅላ የምታጥብ እህት ደግሞ ዛሬውኑ ታቁም፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ስሙ ያልተጻፈበት የማወፈሪያ ክኒን የምትውጥም ትጠንቀቅ። ዴክሳሜታዞን ያለበት ከሆነ ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን መሥራት ያቆማል፣ ድንገት ስታቋርጠው ራሷን ስታ ልትወድቅ ትችላለች። ይህቺ ክኒኗን ይዛ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፣ ቀስ በቀስ ያስቆሟታል። ሆድ የባሳት፣ ምንም የማያስደስታት፣ ሌሊት ሌሊት የምታለቅስ ሴትም ድካሟ እውነተኛ ሕመም ነው፣ እሱም ሐኪም አለው።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ፣ ወደ እንቅልፍ። ረመዳን ጂዳና መካ የሠራች ታውቃለች። ሌሊቱ ቀን ይሆናል። እንግዳው ከተራዊሕ በኋላ ይመጣል፣ ሱሑር ድረስ ሻይ፣ ቡና፣ ሳምቡሳ። ቤተሰቡ ከሱብሒ በኋላ ተኝቶ እስከ ዙህር ያርፋል፣ ሠራተኛዋን ግን ሕፃኑ በሁለት ሰዓት ይቀሰቅሳታል። መካ ደግሞ ይብሳል፣ ለዑምራና ለሐጅ ዘመድ ከየአገሩ ይሰበሰባል፣ ቤቱ ሆቴል ይሆናል። በቀን አራት ሰዓት የምትተኛ ሴት «ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም» አለባት ስትባል እኔ እስቃለሁ። እንዴት አይታወቅም? ምክንያቱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ነው!

ይኼን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የራሳቸው ሕግ ነው። የሳዑዲ መንግሥት በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት ዕረፍት ይሰጥ ነበር። በ2024 መገባደጃ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ ሥራ በቀን ከ10 ሰዓት አይበልጥም፣ ያልተቋረጠ 8 ሰዓት ዕረፍት ይኑር፣ በሳምንት ሙሉ 24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥ ይላል። በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድም አለ። ስለዚህ «ትንሽ ልተኛ» ማለት ልመና አይደለም። ሕግ ነው።

ደሟ ተመርምሮ «ንጹሕ ነው» የተባለችዋስ? «ደምሽ ንጹሕ ነው፣ እንግዲህ ምንም የለብሽም» ማለትም አይቻልም። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1955 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሮያል ፍሪ በሚባል ሆስፒታል ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሠራተኞች በድካምና በጡንቻ ሕመም ወደቁ። ብዙዎቹ ነርሶች ናቸው። ሆስፒታሉ ለወራት ተዘጋ። ከ15 ዓመት በኋላ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች በሽተኞቹን ራሳቸው ሳይመረምሩ ወረቀት ብቻ አይተው «ይኼ የሴቶች የጅምላ መረበሽ ነው» ብለው ጻፉ። አንዱ ምክንያታቸው የታመሙት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸው ነበር! ዛሬ ግን ምርመራ ላይ ምንም ሳይታይ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥል የረጅም ጊዜ ድካም እንዳለ የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታ መዝገቡ ይዞታል። ከኮሮና በኋላም ስንት ሰው ለወራት እንደዚያ ሆኖ ታየ። የተማሩት የእንግሊዝ ነርሶች እንኳ ካልታመኑ እኛማ ምን እንሆናለን? ማሽን አላየውም ማለት የለም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች። ጂን ነው ለምትሉ፦ ሩቅያውም ይቀራ፣ ዘምዘሙም ይጠጣ፣ ክርስቲያኗም ጸሎቷን ታድርስ። ማንም እምነትሽን ተይ አላለሽም። ግን ብረት ያነሰው ደም መድኃኒቱን ይፈልጋል። በዲኑም ታከሙ ነው የተባለው። ከሐረሙ አጠገብ አጅያድ ሆስፒታል የተሠራው ለምን ይመስላችኋል? ደግሞ እወቁት፣ «ጂን አለባት» የተባለች ሠራተኛን ማዳም ሐኪም ቤት አትወስዳትም። ትፈራታለች፣ ልጆቿን ታርቅባታለች፣ በር ትዘጋባታለች። በአንድ ቃል እህታችሁን አሳልፋችሁ ትሰጣላችሁ።

ክፍል ውስጥ ግሉኮስ እየሰቀላችሁ ብር ለምትቀበሉ ደግሞ፦ ግማሽ ሊትር አምስት በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 25 ግራም ስኳር ነው። ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ! በሻይ የምትጠጣውን ስኳር በመርፌ አድርጋችሁ የወር ላቧን ትወስዱባታላችሁ። መርፌው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ የጉበት ቫይረስ ይዛ ትሄዳለች።

ለባለሥልጣናቱም ቃል አለኝ። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለቤት ሠራተኞች የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ሆኗል። መልካም። ግን ግዴታው ከአራት በላይ ሠራተኛ ባለው አሰሪ ላይ ነው። አብዛኞቻችን በየቤቱ ለየብቻ ነን! ብቻዋን አምስት ሰው የምትሸከመዋ ሴት ናት የተዘለለችው። አይቻልም እንዳትሉን። ማርች 30 ቀን 2020 ንጉሥ ሰልማን ኮሮና የያዘው ሁሉ፣ ኢቃማ የሌለውም ሳይቀር፣ በነጻ ይታከም ብለው አዘዋል። እናመሰግናለን። የኛ ድካም ግን ወደ ማንም አይተላለፍም፣ ለዚህ ይሆን የማይታከመው?

«ታምሜያለሁ ካልኩ ወደ አገር ትመልሰኛለች» የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ፣ ፍርሃቱ እውነት ነው። ብድር አለ፣ ቤተሰብ አለ። ግን ደም ማነስ በወራት ክኒን የሚድን፣ ርካሽ በሽታ ነው። ደረጃ ላይ ወድቀሽ ከተሰበርሽ ግን ያኔ በእርግጥ ትመለሻለሽ፣ ያውም ባዶ እጅሽን። ማዳምን በገንዘቧ አናግሪያት፤ «የአንድ ቀን ምርመራ ይሻልሻል ወይስ አዲስ ሠራተኛ ማስመጣት?» በያት። ሁሉም ማዳም ክፉ አይደለችም፣ የገባት ትወስድሻለች።

ስትሄጂ እነዚህን ያዢ። «አብጋ ተሕሊል ደም» በይ፣ የደም ምርመራ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ሲቢሲ፣ ፌሪቲን፣ ስኳር፣ የጉዳ፣ ቫይታሚን ዲ ብለሽ በስም ጥሪ። «አብጋ አትከለም ለወሕዲ» በይ፣ ብቻዬን ማውራት እፈልጋለሁ ማለት ነው። «አናም አርበዕ ሳዓት በስ» በይ፣ አራት ሰዓት ብቻ ነው የምተኛው። ውጤቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ለማንም አትተዪው። የብረት ክኒን ከታዘዘልሽ ከሻይ አርቀሽ፣ ከብርቱካን ጋር ውሰጂ፣ ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ተሻለኝ ብለሽም አታቋርጪ። ክኒን ሳትጀምሪ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን፣ ወይም ተቀምጠሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ ደም አልቆም ካለሽ አትጠብቂ። ጂዳና መካ 911 ነው፣ ቀይ ጨረቃ 997። ለጤና ምክር 937፣ ዕረፍትና ሕክምና ለከለከለሽ አሰሪ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ 19911 አለ።

እናቶቻችን፣ እናንተንም ልለምን። ልጃችሁ «ደከመኝ» ስትላችሁ «ቻይው» አትበሏት። «ተመርመሪ፣ የዚህ ወር ብር ይቅር» በሏት። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንቶቻችን እየናፈቅናት ነው!

እህቴ፣ አንቺ ማሽን አይደለሽም። ማሽን እንኳ ሲግል ይጠፋል፣ ሲበላሽ ባለሙያ ይጠራለታል። አንቺ ስትወድቂ ለምን ስድብ ይጠራልሻል? ደምሽን አስቀጂ፣ ቁጥርሽን እወቂ። ይኼን ጽሑፍ ስልክ ለሌላት ጎረቤትሽም አንብቢላት።