አቶ ደበበ እሸቱ የተጫወቱት አባት

ስለ ሲኒማ በዚህ ገጽ ስንጽፍ፥ ይህ ነገር ከቤተ ሰብ ጋራ ምን ያገናኘዋል የሚሉን አንባቢዎች አይታጡም። የዛሬው ግን ይገናኛል፤ ይልቁንም በሌሞና በሆሳዕና ላሉት ቅርብ ነው።

አቶ ደበበ እሸቱ በሀንጋሪ አገር የቴያትርን ጥበብ ተምረው ረዥም ዘመን የሠሩ ተዋናይ መሆናቸው የታወቀ ነው። በ1965 ዓ.ም. «ሻፍት በአፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ሲኒማ ዋናው ተዋናይ ሪቻርድ ራውንድትሪ ሲሆን፥ እርሳቸው ዋሳ የተባለውን ሰው ሆነው ተጫወቱ። ዋሳ በሀዲያ ቋንቋ የእንሰት ምግብ ስም ስለ ሆነ የሆሳዕና ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ደራሲው ግን ይህን ያሰበ አይመስለንም። የተመልካቹ ዓይን ኹሉ በዋናው ሰው ላይ ሲያርፍ፥ በጥቂት ቃልና በፊት አኳኋን ብቻ ሰው ሆኖ መታየት ቀላል ሥራ አይደለም።

ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከቅንጅት ሰዎች ጋራ ታስረው በ1999 ዓ.ም. ተፈቱ። በእኛ አሳብ ትልቁን ሥራቸውን የሠሩት ከዚህ ኹሉ በኋላ፥ ሰባ ዓመት ካለፋቸው ወዲህ ነው። ይኸውም ባዚ ጌቴ አዘጋጅቶት በ2006 ዓ.ም. በእስራኤል አገር የታየው «ቀይ ቅጠሎች» የተባለው ሲኒማ ነው።

በዚህ ሲኒማ አቶ ደበበ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄደ የአንድ ቤተ እስራኤል ሽማግሌ ሆነዋል። ሚስቱ የሞተችበት ይህ ሰው ቤቱን ይሸጥና ከእንግዲህ በልጆቹ ቤት እየተዘዋወረ ሊኖር ይቆርጣል። ልጆቹ ግን በአዲሱ አገር ልማድ የሚኖሩ ናቸው። አባትየው በገዛ ቤቱ ያዝ እንደ ነበረ በሰው ቤትም ሊያዝዝ ይወዳል፤ ያም ቤት የልጁ እንጂ የእርሱ አይደለም። ታሪኩ የሼክስፒርን ንጉሥ ሊርን ያሳስባል። ነገር ግን ንጉሡ ብዙ ይናገራል፥ ይህ ሽማግሌ ዝምተኛ ነው፤ እኛም የአቶ ደበበን ዝምታ ከብዙ ንግግር አብልጠን እንወደዋለን። ማንን ልንወቅስ እንደሚገባን አይነግሩንም፤ ግትርነቱ ያናድደናል፥ ብቸኝነቱ ደግሞ ያሳዝነናል።

ወደ ሌሞ እንመለስ። ከሆሳዕና አካባቢ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸውን የማያውቅ የለም። ገንዘብ ያገኘው ልጅ በከተማ ቤት ይሠራና አባቱን ና ይለዋል፤ ይህንም የሚያደርገው በፍቅር ነው። ነገር ግን በገጠር የሚኖር አባት ሀብቱ በጓሮው የተተከለው እንሰት ነው፤ እንሰትም ለመድረስ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ተክል ነው። በያሆዴ በዓል ልጆች ከሩቅ ወደ እርሱ ይመጣሉ፥ እርሱም በቤቱ ተቀምጦ ይመርቃቸዋል። ወደ ከተማው ቤት የገባ እንደ ሆነ ግን እንግዳ ተቀባይ የነበረው ራሱ እንግዳ ይሆናል። በእርግጥ እርጅናና ሕመም ግድ የሚሉበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ሲሆንም ልጅ አባቱን አስቀድሞ ይጠይቀው፥ መልሱንም ለመስማት ይታገሥ።

ሽማግሌው በአማርኛ የሚናገርበት ይህ ሲኒማ በያሆዴ ሰሞን ለበዓል የሚመጡት ኹሉ ባሉበት በሆሳዕና ቢታይ እንወድ ነበር፤ አባቶች በፊተኛው ወንበር፥ ልጆች ከኋላቸው ተቀምጠው።