ነፍጥ ያነገበ ሁሉ ነፃ ነው እንዴ?

«ነፍጥ የሌለው ወንድ ምኑን ወንድ ሆነ!» ሲባል እየሰማን ጊኒር ላይ ያደግን አለን። አሁን ደግሞ እዚሁ ዶርም ውስጥ «አሜሪካኖችን እዩ፤ ነፃነታቸው በጠመንጃቸው ነው» የሚሉን መጡ። እስቲ ይመርመር!

እ.ኤ.አ. በ1791 ነፍጥ የመያዝን መብት በሕገ መንግሥታቸው ካሰፈሩት ሰዎች ብዙዎቹ ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ፤ የነባሩም ሕዝብ መሬት በዚያው ነፍጥ ይነጠቅ ነበር። ታዲያ ነፍጡ የማንን ነፃነት ጠበቀ?

ምን ሩቅ አስኬደን? ዛሬ ስድብ ያደረግነው «ነፍጠኛ» ድሮ የሥራ ስም ነበር፤ ባሌ ላይ ሠፍሮ ገበሬውን ገባር ያደረገ ባለጠመንጃ ማለት ነው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የባሌ ገበሬ ከእነ ዋቆ ጉቱ ጋር የሸፈተው ግብሩና የመሬቱ መነጠቅ ቢያንገሸግሸው እንጂ ጠመንጃ አምሮት አልነበረም። «መሬት ላራሹ»ን በ1957 ዓ.ም. አደባባይ ያወጡት ባዶ እጃቸውን የወጡ ተማሪዎች ናቸው። አዎ፣ በ1967 ዓ.ም. አዋጁን ያወጁት ወታደሮች ናቸው፤ ነገር ግን ብዙም ሳይቆዩ ያንኑ ነፍጥ በተማሪው ላይ አዞሩት።

ስለዚህ ወገኖች፣ ነፍጥ ጌታ ይለውጣል እንጂ ጌትነትን አይሽርም። በሬውን ሸጦ ክላሽ በሚገዛው ገበሬ አንፈርድም፤ ዳኛ ቢያጣ ነው። የእኛም ጥያቄ ይኸው ነው፦ ዳኛ የት አለ?