የወረዳው ሰርቨር አጠገቡ የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል

ከደባርቅ ከአንድ ጤና ጣቢያ ስልክ ይደወላል፤ «ሲስተሙ ቆሟል» ይባላል። የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መኪና ተገኝቶ፣ አበል ጸድቆ ባለሙያ እስኪደርስ ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ጎንደር የተቀመጠው የአይሲቲ ባለሙያ ሪሞት ዴስክቶፕ ከፍቶ፣ የሰርቨሩን አድራሻና ፓስዎርድ አስገብቶ ይገባል።

ዴስክቶፑ ግን ባዶ ነው።

እዚያ ያለችው ሠራተኛ «የፕሮግራሙ ጥቁር መስኮት እኮ ፊቴ ላይ ነው» ብትለው ሁለቱም ልክ ናቸው። በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 በርቀት የሚገባ ሰው የራሱ ሴሽን ይከፈትለታል፤ ፕሮግራሙ የሚታየው ግን በሰርቨሩ ሞኒተር ላይ ባለው ሴሽን ነው። እሱን ለማየት «ኮንሶል» የሚል ማዘዣ መጨመር ያስፈልግ ነበር። በዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ማዘዣው በ«አድሚን» ተተካ፤ ቀድሞ የሞኒተሩ የነበረው ዜሮ ቁጥሩ ሴሽንም ያለ መስኮት ከጀርባ ለሚሠሩ ሰርቪሶች ብቻ ተለየ። ዛሬም በሌላ የተጠቃሚ ስም የገባ ሰው የሌላውን መስኮት አያይም።

ይህን ያልተማረ ባለሙያ ፕሮግራሙ ጠፍቷል ብሎ ሁለተኛ ያስነሳል፤ ሁለቱ አንድ ዳታቤዝ ላይ ይጋጫሉ። ወይም ሥራውን ጨርሶ «ዲስኮኔክት» ማለት ሲገባው «ሎግ ኦፍ» ይላል፤ በሴሽኑ ያስነሳው ፕሮግራም አብሮት ይዘጋል። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል የሚሰለፈው በሽተኛ የዚህን ዋጋ ይከፍላል።

የሕዝብ አገልግሎት በተከፈተ መስኮት ላይ መንጠልጠል የለበትም። ሶፍትዌር የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ፕሮግራሙ በሰርቪስነት እንዲሠራ፣ ሰርቨሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ፣ ስህተቱንም በሎግ ፋይል እንዲመዘግብ በውላቸው ያስገድዱ። የሪሞት ዴስክቶፕ በር የሆነው ፖርት 3389ም ለኢንተርኔት ክፍት አይተው፤ መግቢያው በቪፒኤን በኩል ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2019 «ብሉኪፕ» የተባለው ክፍተት ሲገኝ ማይክሮሶፍት ድጋፋቸውን ላቆመላቸው ለኤክስፒና ለሰርቨር 2003 ጭምር ማስተካከያ ማውጣቱ የአደጋውን ክብደት ያሳያል።

ይህ ሁሉ ቢሟላም መስመሩ ሲቋረጥ ከርቀት የሚሠራ ነገር የለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማሽኑን የሚያድነው አጠገቡ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ጎንደር ይህን በሕክምናው ቀድማ ተረድታዋለች። በደምብያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀው ወባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽህና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ እንጂ በሽተኛው ከተማ ድረስ እንዲመጣ አልጠበቀም። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ተቋም የጤና ኢንፎርማቲክስም ያስተምራል፤ ዳባት ወረዳ ላይም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝብና የጤና መረጃ ይሰበስባል።

እንግዲህ የኢንፎርማቲክስ ተማሪዎች ወደ ወረዳ ሲወጡ ሰርቨር ክፍል መግባት የሥራቸው አካል ይሁን። የትኛው ፕሮግራም በማን ስም እንደሚሠራ ይመዝግቡ፣ ባክአፑን መልሰው በመጫን ይፈትሹ፣ ለጤና ጣቢያው ሠራተኛም ሎግ ማንበብና ሰርቪስ ማስነሳት ያለማምዱ። ውጤት ሲሰጣቸውም ሠራተኛዋ ያለ እነሱ እርዳታ ሲስተሙን ማስነሳት መቻሏ ይታይ።